ለሕሙማን ልጃገረዶች ዘርን ስለ ማቆየት

ምእመናን ሆይ፤ በራያ ቆላ ሠርግ በተደገሰበት ቤት ሽማግሌዎች ሙሽሮቹን ሲመርቁ ከአፋቸው የማይታጣው ቃል «ውለዱ፥ ክበዱ» የሚለው ነው። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ከአዳምና ከሔዋን ጀምሮ የወረደ በረከት ነውና። ነገር ግን ይህ ምርቃት በተነገረ ቍጥር ከዳሱ ጥግ ተቀምጣ አንገቷን የምትደፋ ሴት አትታጣም። በአገራችን «ወላድ በድባብ ትሂድ» ይባላል፤ ያልወለደችው በምን ትሂድ ብሎ የጠየቀ ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም። የቆቦን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ያለ ድባብ መሄድ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

ዛሬ የምንመረምረው ጥያቄ ግን ስለዚህች ሴት ብቻ አይደለም። ስለ ጋብቻም ሆነ ስለ ልጅ ገና አስባ ስለማታውቅ ታዳጊ ልጅ ነው። ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እናቅርብ። የአንድ የቆቦ ገበሬ ልጅ፥ ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናት፥ በአንገቷ ሥር እብጠት ወጣባት እንበል። ጠበል ተጠመቀች፤ በቆቦም ታየች፤ ሲብስባት ወደ ወልድያ፥ ከወልድያም ወደ ደሴ፥ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ ተላከች። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚያም ሐኪሙ አባቷን አስቀምጠው ሁለት ነገር ነገሩት። አንደኛው፥ በሽታው ካንሰር እንደ ሆነና የሚያድን መድኃኒት እንዳለው ነው። ሁለተኛው፥ መድኃኒቱ ሕይወቷን ሲያድን መውለድን ግን ሊነሣት እንደሚችል ነው። አባት የመጀመሪያውን ሲሰማ አለቀሰ፤ ሁለተኛውን ሲሰማ ዝም አለ። በማግሥቱ መድኃኒቱ ሊጀመር ቀጠሮ ሳለ፥ በዚያች ሌሊት ከማረፊያው ሆኖ ለንስሐ አባቱ ስልክ ደወለ። «አባቴ፥ መካን ሆና ከምትኖር ይዣት ብመለስስ?» አላቸው።

እንግዲህ የንስሐ አባቱ ምን ብለው ይመልሱለት? ጽሑፋችን የሚያተኵረው በዚህ ላይ ነው።

መልስ ከመስጠት አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። ሳያውቁ የሚሰጥ ምክር፥ ምንም እንኳ በጸሎት ቢታጀብ፥ ዕውር ዕውርን እንደ መምራት ነውና።

ሴት ልጅ ከእናቷ ማኅፀን ስትወጣ ለዕድሜዋ የሚበቃትን የዘር ዕንቁላል ሁሉ ይዛ ትወለዳለች። ዕንቁላሎቹ የሚገኙት በማኅፀን ግራና ቀኝ ባሉት፥ ሐኪሞች ኦቫሪ በሚሏቸው ሁለት ዕጢዎች ውስጥ ነው። በተወለደችበት ቀን ቍጥራቸው ከ1 ሚሊዮን እስከ 2 ሚሊዮን ይገመታል፤ ለአቅመ ሔዋን በደረሰች ጊዜ ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ያህል ይቀራሉ። ወንድ ከጐለመሰ በኋላ ዘወትር አዲስ ዘር ያፈራል፤ ሴት ግን ከተሰጣት ላይ ታወጣለች እንጂ አትጨምርም። ካንሰርን የሚገድሉት መድኃኒቶች፥ ይልቁንም ሳይክሎፎስፋማይድንና እርሱን የመሰሉት፥ በሽታውን ሲያጠፉ ይህን የተቈጠረ ሀብት አብረው ያቃጥሉታል። በታችኛው የሆድ ክፍል ላይ የሚደረግ የጨረር ሕክምናም እንዲሁ ነው። ከሁሉ የሚከፋው መቅኔ ከመተካቱ በፊት የሚሰጠው ብርቱ መድኃኒት ነው።

በዚህ ቦታ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። በካንሰር የታመመችና የታከመች ሴት ሁሉ መካን ትሆናለች ማለት ሐሰት ነው። ጕዳቱ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት፥ እንደ መጠኑና እንደ ልጅቱ ዕድሜ ይለያያል፤ ታክመው ድነው፥ አግብተው በተፈጥሮ መንገድ የወለዱ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ «መካን ትሆናለች» የሚለውን ቃል በየመንደሩ የሚነዛ ሰው፥ ካህንም ቢሆን፥ ያላወቀውን በመናገሩ የልጅቱን ዕድል ያበላሻል።

ዘርን ስለ ማቆየት የታሰበው እንግዲህ ይህ ጕዳት ስላለ ነው። ያደገች ሴት ብትሆን ለሁለት ሳምንት ያህል መርፌ ተወግታ የበሰሉ ዕንቁላሎቿ ተወስደው በብርድ ሊቀመጡላት ይቻላል። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅ ግን የበሰለ ዕንቁላል የላትም፤ ለእርሷ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ሐኪሙ በሆዷ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ከሁለቱ ዕጢዎች አንዱን ወይም ከአንዱ ከፍሎ ያወጣል። ዕንቁላሎቹ ያሉት በዕጢው ውጫዊ ቅርፊት ላይ ስለ ሆነ፥ ቅርፊቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ስስ ቅራፊዎች ይከፈላል። ብርዱ እንዳይሰባብረውም በልዩ መድኃኒት ተነክሮ፥ ቀስ በቀስ ቀዝቅዞ፥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ያልቃልና ሕክምናውን እምብዛም አያዘገየውም። ልጅቱ ድና፥ አድጋ፥ አግብታ ልጅ በፈለገች ጊዜ ቅራፊው ቀልጦ ወደ ነበረበት ይመለስላታል። ሥጋዋ ከሥጋዋ ጋር ሲጋጠም፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ዕንቁላሉ ሥራውን ይጀምራል፤ ከባሏም ጋር እንደ ማንኛዋም ሴት ልትፀንስ ትችላለች።

ይህ ነገር በመጀመሪያ የተሞከረው በእንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በስኮትላንድ፥ በኤድንብራ ከተማ፥ ቅራፊዋ በብርድ ቆይቶ የተመለሰላት በግ ግልገል ወለደች። ከዚያ በኋላ በብራስልስ ዶክተር ዣክ ዶኔ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር፥ በ1997 የሊምፎማ ካንሰር ከያዛት አንዲት ሴት ላይ ቅራፊ ወስደው አስቀመጡ፤ በ2003 መለሱላት፤ በመስከረም 2004 ሴት ልጅ ወለደች። አፍሪካውያን እኛን ይበልጥ የሚነካን ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በዚያችው በብራስልስ ከተማ፥ ማጭድ በሚመስል የደም ሕዋስ ሕመም ትሠቃይ የነበረች አንዲት የኮንጎ ተወላጅ፥ መቅኔዋ ከመተካቱ በፊት፥ ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላትና አደፍ ሳታይ ዕጢዋ ተወስዶ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰላትና ወንድ ልጅ መውለዷ በ2015 ተነገረ። በ2016 መጨረሻ ደግሞ ከዱባይ የመጣች፥ በልጅነቷ በከባድ የደም በሽታ የታከመች ሴት በለንደን ወለደች። እስከ አሁን በዚህ መንገድ የተወለዱት ሕፃናት ከ200 ይበልጣሉ። በ2019 የአሜሪካ የተዋልዶ ሕክምና ማኅበር ነገሩ ከእንግዲህ ሙከራ መባሉ ይቅር ብሏል።

ይሁን እንጂ ተስፋውን ከልኩ በላይ ማሳበጥ አይገባም። ቅራፊው ከተመለሰላቸው ሴቶች መካከል የወለዱት ከሦስት ወይም ከአራት አንዷ ያህል ናቸው። የደም ካንሰር በያዛት ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ሥጋት አለ፤ በቅራፊው ውስጥ የበሽታው ዘር ተደብቆ ቆይቶ፥ ሲመለስላት አብሮ ሊመለስ ይችላል።

እኔ ይህን ነገር ባነበብሁ ጊዜ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣው የእናቴ ቤት ጣሪያ ነው። በራያ ቆላ ማሽላ ሲደርስ፥ ከመታጨዱ በፊት እናት ወይም አባት በማሳው መካከል እየዞሩ ፍሬው የሞላውን፥ ወፍም ነቀዝም ያልደፈረውን ዘለላ ይመርጣሉ። ያ ዘለላ ወደ ጐተራ አይገባም፤ ከምድጃው በላይ ከጣሪያው ወጋግራ ላይ ይንጠለጠላል። ጢሱ ያጠቍረዋል፤ ነቀዝም አይቀርበውም። እኛ ልጆች ርቦን ወደ ላይ ብንመለከት እንኳ እናታችን እጃችንን ትመታ ነበር። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወረደው ረኃብ ጊዜ በቆቦና በአካባቢው የሰው አንጀት የተቈረጠው የሚበላው በማጣቱ ብቻ አልነበረም፤ ዘሩን የበላ ገበሬ ዝናቡ በመጣ ጊዜ የሚዘራው ስላጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአዝርዕት ዘር ማከማቻም በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት ከየአገሩ፥ ከወሎም ጭምር፥ ዘር እየሰበሰበ በብርድ ቤት ያኖር የነበረው ይህን አደጋ ለመከላከል ነው። ስለዚህ ዘርን ለክፉ ቀን በብርድ ማቆየት ለእኛ ጨርሶ እንግዳ ነገር አይደለም።

ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን መንገድ ሊያስትም ይችላል። ገበሬ ዘሩን የሚያቆየው ማሳው ጦሙን እንዳያድር ነው፤ ማሳ የተፈጠረው ለዘር ነውና። ልጅቱ ግን ማሳ አይደለችም። በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረች ሰው ናት፤ የምትኖረውም ልጅ ትወልድ ዘንድ ብቻ አይደለም። ያ አባት በስልክ የጠየቀው ጥያቄ ስሕተቱ በዚህ ነው። «መካን ሆና ከምትኖር» ሲል፥ የልጁን ሕይወት ከምታስገኘው ፍሬ ጋር በአንድ ሚዛን መዘነው፤ ፍሬው ከቀረ ዛፉ ይቈረጥ እንደ ማለት ነው። በእርሱ ላይ አንፈርድበትም፤ ይህን ሚዛን የሰጠነው እኛው ነን። በሠርጉም፥ በለቅሶውም፥ አንዳንድ ጊዜም በዐውደ ምሕረት ላይ ሳይቀር የሴትን ክብር በልጅ ስንቈጥር ሰምቷል። ያልወለደችውን ሴት «በቅሎ» ብሎ የሚሰድብ ሰው በየመንደሩ አለ፤ ስለዚህ ስድብ ቀኖና የተሰጠው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። አንዳንድ አባቶች «ይህ በእግዚአብሔር ፈቃድ ውስጥ መግባት ነው፤ መውለድንና መምከንን የሚያውቅ እርሱ ነው» ይላሉ። ቃላቸው ከእምነት የመነጨ ስለ ሆነ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ስለ ማከማቸት መጻሕፍት ሁለት ታሪክ ይነግሩናል። ዮሴፍ በግብፅ ሰባት የጥጋብ ዓመት እህል አከማቸ፤ አልተነቀፈም፤ ሕዝብም ዳነበት። በወንጌል ያለው ባለጸጋ ደግሞ ጐተራውን አፍርሶ ሰፊ ጐተራ ሊሠራ አሰበ፤ እርሱ ግን ሰነፍ ተባለ። ሁለቱም አከማችተዋል። የለያቸው ማከማቸቱ ሳይሆን ለማንና በምን ልብ እንዳከማቹ ነው። አንዱ ሊመጣ ያለውን መከራ አውቆ ለሌሎች አኖረ፤ ሌላው ነፍሱን በጐተራ ዋስትና አስተማመነ። ለታመመች ልጅ ዘሯን የሚያቆይ ወላጅ የዮሴፍን ሥራ ይሠራል። ያ ቅራፊ ካልተቀመጠ ልጄ ዋጋ የላትም የሚል ወላጅ ግን ከባለጸጋው አይለይም። ደግሞም መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን፥ ሐኪምንም ማክበር እንደሚገባ ሲራክ አስተምሮናል፤ ካንሰሩን በመድኃኒት ለመግደል የፈቀደ ሰው፥ መድኃኒቱ የሚያደርሰውን ጕዳት በሌላ ጥበብ ለማቃለል ቢሞክር ምን ነውር አለው?

ሌሎች ደግሞ ይህን ነገር ፅንስን በብርድ ከማስቀመጥ ጋር ያደባልቁታል። መለየት ያስፈልጋል። ከወንድና ከሴት ዘር ተዋሕዶ የተገኘ ፅንስ ከሰው ልጅ ጅማሬ ጋር የተያያዘ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይህ ጽሑፍም ያን ለመፍታት አልተነሣም። እዚህ የሚቀመጠው ግን የአንዲት ልጅ አካል ነው፤ ሌላ ሰው አልተፈጠረም፤ የሚጣል ፅንስም የለም። ሲመለስላትም የምትፀንሰው በሕጋዊ ጋብቻዋ፥ ከገዛ ባሏ ነው። ስለዚህ ለመበስበስ የተዘጋጀን የገዛ አካልን አድኖ ለባለቤቱ ከመመለስ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ማኅፀኗ ምን ታውቃለች? ሆዷን ለመክፈት፥ ደኅና ዕጢዋን ለማውጣት ማን ፈቀደ? አባትና እናት እንላለን፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወላጅ በልጁ አካል ላይ ባላደራ ነው እንጂ ባለ ርስት አይደለም። ባላደራ የተሰጠውን ለባለቤቱ ይጠብቃል፤ ለራሱ አያውለውም። እንዲህ ከሆነ ቅራፊው የልጅቱ ነው። የአባቷ የልጅ ልጅ ናፍቆት ባለ መብት አያደርገውም፤ ወደ ፊት የሚመጣው ባሏም ቢሆን ሊጠይቅበት አይችልም። አድጋ «አልፈልገውም፤ መነኵሲት እሆናለሁ» ብትል የእርሷ ፈቃድ ይጸናል። እግዚአብሔር ወስዷት ብትሞትም፥ ከእርሷ በኋላ ማንም ሊጠቀምበት አይገባም፤ የሞተችን ልጅ አካል ልጅ ለማግኘት መፈለግ ሐዘንን መጽናናት ሳይሆን ሐዘንን ማጭበርበር ነው። በእኔ አሳብ ይህ ከመጀመሪያው ቀን ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ገና ደኅና ሳለን ያልተስማማንበትን በሐዘን ቀን መስማማት አይቻልምና።

ልጅቱ ቢያንስ የሚገባትን ያህል ልትነገረው ይገባል። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንስራ ተሸክማ ከምንጭ የምትመለስ፥ ታናናሾቿን የምታሳድግ ናት፤ አንዳንድ ቦታም ሕጉ 18 ዓመት ሳይሞላት ጋብቻን እየከለከለ ሊድሯት የሚያስቡ አሉ። ለጋብቻ ደርሳለች የሚላት ሰው ስለ ገዛ ሆዷ ለመስማት ሕፃን ናት ቢል ማን ያምነዋል?

ስለ ገንዘቡም ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቀዶ ሕክምናው፥ ቤተ ሙከራው፥ ለዓመታት የሚቀጥለው ጥበቃ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ከቆቦ ለመጣ ገበሬ ከካንሰሩ መድኃኒት በላይ አንድ ብር ማውጣት ከበሬው አንዱን መሸጥ ነው። እንዲህ ያለውን ወላጅ «ስለ ልጅህ ዘር ካላሰብህ ጨካኝ ነህ» ማለት በቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ ነው። ያልቻለው ሰው አልበደለም።

ሊሠራ የሚቻለውን ግን ሳይጠይቁ ማለፍ ሌላ ነገር ነው። ጨረሩ በታችኛው ሆድ ላይ የሚደረግ ከሆነ፥ ቀዶ ሐኪም ዕጢዎቹን ከጨረሩ መንገድ ወደ ላይ አንሥቶ ሊያስቀምጣቸው ይችላል፤ ይህ የብርድ ቤትም ናይትሮጅንም አይጠይቅም። ለአንዳንድ በሽታም ዕንቁላልን ብዙ የማይጎዳ መድኃኒት ይመረጣል። ጥያቄው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት መጠየቅ አለበት፤ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ግማሽ መልሱን አጥቶ ይመጣል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበር፥ ወረፋው ራሱ በሽታ ሆኖ ነበር፤ በዚያ ወረፋ ውስጥ ቆሞ ስለ መውለድ የሚጠይቅ ወላጅ ድፍረት ያስፈልገዋል። ያን ድፍረት ሊሰጠው የሚችለው ብዙ ጊዜ ካህኑ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ልጅ ላጡ ሰዎች የሚሆን የመንግሥት የሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ፈሳሽ ናይትሮጅንም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በቃሊቲ ከተቋቋመው የከብት ማዳቀያ ማዕከል የኮርማ ዘር በናይትሮጅን ዕቃ ተሞልቶ ወደ ገበሬው ሲሄድ አርባ ዓመት አልፎታል። አንዳንድ ጊዜ ይህን ሳስብ እገረማለሁ፤ ለላሚቱ ያልከበደን ለልጃችን ሲሆን እንደ ተአምር ይታየናል። ይህን ስል ግን የላሚቱና የልጅቱ ነገር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ለኮርማው ዘር ዕቃው አንድ ጊዜ ቢደርቅ ሌላ ኮርማ አለ። የልጅቱ ቅራፊ ግን ምትክ የለውም፤ ዐሥር፥ ዐሥራ አምስት፥ ሃያ ዓመት ሳይደርቅ የሚሞላው ታማኝ ይፈልጋል። የቆቦ ሰው ይህን ሥጋት ያውቀዋል፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ሲዘረፉ አይቷል። አደራ የሚጠበቀው በብርዱ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ሰላምም ያስፈልገዋል።

ስለ ካህኑ እንናገር ብለን ነበር። በሴሎ የሆነውን እናስታውስ። ሐና ልጅ አጥታ በቤተ መቅደስ ልቧን ስታፈስ፥ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያየ ካህኑ ኤሊ እንደ ሰከረች ቈጠራት። ልጅ ያጣችን ሴት ኀዘን ካህን ሊያነበው ሲሳነው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የመጨረሻውም አይደለም። የእመቤታችን ወላጆች ኢያቄምና ሐናም ልጅ ስላልነበራቸው መባቸው በካህን እንደ ተመለሰ በቤተ ክርስቲያናችን ይተረካል። ይህን ታሪክ በዓመት በዓመቱ እናነባለን፤ እናለቅስበታለንም፤ ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ የእኛ ቦታ የማን እንደ ሆነ አናስተውልም። እኛ ካህናት ነን፤ መባ የመለሰው ካህን ነበር። ኤሊ ግን የሚመሰገንበት አለ፤ ሐና በመለሰችለት ጊዜ ስሕተቱን አልተከራከረም፥ በሰላም አሰናበታት። ፊቷም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አላዘነም፤ ይህም የሆነው ሳሙኤል ገና ሳይፀነስ ነው።

ሌላም ምስክር አለን፤ እርሱም የራሳችን ነው። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሰረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው፥ ፊልጶስ ያጠመቀው ኢትዮጵያዊ ባለሥልጣን፥ አባቶቻችን ባኮስ የሚሉት፥ ጃንደረባ ነበር። ልጅ የሚወልድ ሰው አልነበረም። ያነበው በነበረው በዚያው መጽሐፍ ውስጥም፥ ጥቂት ምዕራፍ ዝቅ ብሎ፥ ለእግዚአብሔር የታመኑ ጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም በቤቱ እንደሚሰጣቸው ተጽፏል። የኢትዮጵያ የጥምቀት ታሪክ የሚጀምረው ልጅ ከማይወልድ ሰው ነው። ይህን የሚያውቅ ካህን በአንዲት ቆቦ መንደር ያልወለደችውን ሴት ዘር የሌላት ሊላት እንዴት ይደፍራል?

ድና የተመለሰች ልጅ ለጋብቻ ስትታጭ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ሽማግሌ ሲላክ ቤተ ሰቡ ሕመሟን ሊሸሽገው ይፈልጋል፤ ከታወቀ የሚያገባት አይገኝም ብሎ ይፈራል። ጋብቻ በማታለል አይጸናም፤ ስለዚህ እጮኛው ማወቅ ይገባዋል። ነገር ግን የሚነግረው ማን ነው? የሰፈር ሰው፥ አማላጅ፥ ጎረቤት፥ የንስሐ አባትም ቢሆን አይደለም። ምሥጢሩ የእርሷ ነውና የምትነግረው ራሷ ናት፤ መቼ እንደምትነግረውም የምታውቅ እርሷ ናት፤ ብቻ ከቃል ኪዳኑ በፊት ይሁን። ቅራፊ ተቀምጦላት እንደ ሆነ ያንንም ልትነግረው ትችላለች፤ ዋስትና እንዳልሆነ ግን አብራ ትንገረው።

አሁን ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። አባትየው ከማረፊያው በስልኩ ላይ ተደፍቶ መልስ ይጠብቃል። የንስሐ አባቱ በቆቦ በጨለማው ቤታቸው ተቀምጠዋል። በእኔ አሳብ እንዲህ ቢሉት መልካም ነው፤ «ልጄ፥ ይዘሃት አትመለስ። ነገ መድኃኒቱ ይጀመር። ነገር ግን መርፌው ሳይወጋት በፊት ሐኪሙን ጠይቀው፤ የሚሰጣት መድኃኒት መውለዷን ምን ያህል ይጎዳል? ዕጢዋን ከጨረሩ ማራቅ፥ ወይም ቅራፊውን ማስቀመጥ ይቻላል ወይ? የት? በስንት? ሕክምናዋን ሳያዘገይ ከተቻለ ይሁን። ካልተቻለ ግን አትቆዝም፤ የመጨረሻውን በሬህንም ለዚህ አትሽጥ፤ ታናናሾቿ ይበሉበት። መንደር የሚለውን እኔ እዚህ ሆኜ እመልሳለሁ።»

ይህን ከነገሩት በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። አባቷና ሐኪሙ፥ እሳቸውም ጭምር፥ ይህን ሁሉ ሰዓት ስለ ልጅቱ ማኅፀን ሲነጋገሩ፥ እርሷ ከጎን ባለው አልጋ ላይ ዓይኗን ገልጣ ተኝታለች። ስልኩን ለእርሷ እንዲሰጣት ይጠይቁት።